«አስወግዱት» ካሉ በኋላ፦ የአንድ የቴሌቪዥን ሰባኪ ንግግርና የቁጣ ዛቢያ

(ለመገናኛ ብዙኃን ሠራተኞችና ለቤተ እምነቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ።

ዕለቱ ሰኞ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 22 ቀን 2005፣ በእኛ ነሐሴ 16 ቀን 1997 ዓ.ም.። ከአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ቢች የሚተላለፈው «700 ክለብ» የተባለ መንፈሳዊ ፕሮግራም ስለ ቬኔዝዌላው ፕሬዚዳንት ስለ ሁጎ ቻቬዝ የተሠራ ዘገባ አሳይቶ ጨረሰ። ካሜራው ወደ ፓት ሮበርትሰን ዞረ። የ75 ዓመቱ ሰባኪ ዘገባ ሲያልቅ የመሰላቸውን መናገር የቆየ ልማዳቸው ነው። ያን ዕለት ያሉት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ይህ ስለ ግድያ የሚባለውን መርሕ አላውቅም፤ ግን ልንገድለው እየሞከርን ከመሰለው፣ እውነትም ብናደርገው ይሻላል ባይ ነኝ። ጦርነት ከመክፈት በጣም ይረክሳል፤ የነዳጁ ጭነትም የሚቆም አይመስለኝም።» ጥቂት ቆይተው ጨመሩበት፦ «እሱን የማስወገድ አቅም አለን፤ በዚህ አቅም የምንጠቀምበት ጊዜም የደረሰ ይመስለኛል።» ማሳረጊያቸው ደግሞ አንድ አምባገነን ለመገላገል ሌላ የ200 ቢሊዮን ዶላር ጦርነት አያስፈልገንም፣ ስውር ሠራተኞቻችን ሥራውን ቢጨርሱልን ይቀላል የሚል ነበር።

ሰባኪው አጠፉ ወይስ አላጠፉም በሚለው ላይ ጊዜ አናጠፋም፤ ብዙ ክርክር የሚፈልግ ነገር አይደለም። የመጣንበት ጉዳይ የሕዝቡ ቁጣ ነው። የት ቆረጠ፣ የት ዶለዶመ? መጥረቢያ የቱንም ያህል ቢሳል ዛቢያ ከሌለው እንጨት አይፈልጥም። በሮበርትሰን ላይ የተነሣው ቁጣ በአንዳንድ ቦታ ዛቢያ አገኘ፣ በአብዛኛው ግን አላገኘም። ምክንያቱን በዝርዝር እናያለን።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። በእንግሊዝኛ የተጠቀሙበት ሐረግ እንደ እኛው «ማስወገድ» ሁለት በር አለው። «ከሥልጣን ተወገደ» እንላለን፣ ሰውየው በሕይወት አለ። ነገር ግን በጨለማ የተሠራ ሥራ ሲወራ «አስወገዱት» ከተባለ፣ ጡረታ አስወጡት ብሎ የሚረዳ ሰው የለም። ይህን ሁለት በርነት ያዙልኝ፤ ረቡዕ ዕለት ሮበርትሰን ሊያመልጡ የሞከሩት በዚሁ በር ነው። ማምለጥ ያልቻሉት በአረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል ምክንያት ነው። «ግድያ» የሚለው ግልጽ ቃል ቀድሞ ተነግሯል፣ «ማስወገድ» የመጣው ከእሱ በኋላ ነው። ቀድሞ የመጣው ቃል የኋለኛውን ትርጉም አስሮታል። እንዲህ ዓይነት ንግግር የሚተረጉም ሰው ዋና ሥራው እዚህ ላይ ነው። ቃላቱን በተነገሩበት ተራ ማስቀመጥ አለበት። ብዙዎቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ቅንጭቦች ጠንከር ያለውን አረፍተ ነገር ብቻ ቆርጠው ያወጣሉ፤ ያን ጊዜ ተናጋሪው «ከዐውዱ ውጪ ተወሰደብኝ» ለማለት ምክንያት ያገኛል። ሙሉውን ማስቀመጥ ይህን መንገድ ይዘጋበታል።

ለመሆኑ የአንድ ሰባኪ ቃል ለምን ያን ያህል ከበደ? ሮበርትሰን የሴናተር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ዊሊስ ሮበርትሰን ቨርጂኒያን ወክለው ለ20 ዓመት ያህል በአሜሪካ ሴኔት ተቀምጠዋል። ልጅየው ከዬል በሕግ ተመረቁ። በ1960 (በእኛ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሲቢኤን የተባለውን የክርስቲያን ማሰራጫ አቋቋሙ፣ በኦክቶበር 1961 ከፖርትስማውዝ ከተማ ሥርጭት ጀመሩ። የፕሮግራሙ ስም ራሱ የሒሳብ ስም ነው፤ በ1963 የጣቢያው ወርኃዊ ወጪ 7,000 ዶላር ነበርና እያንዳንዳቸው 10 ዶላር የሚሰጡ 700 ተመልካቾችን ለመኑ። ይህን ሒሳብ አትርሱት፣ በኋላ ስለ ማስታወቂያ ማዕቀብ ስናነሣ ይመለሳል። በ1988 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ፤ በአይዋ ግዛት የሪፐብሊካኖች የዕጩ ምርጫ ከቦብ ዶል ቀጥለው ሁለተኛ ወጡ፣ የወቅቱን ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን ሦስተኛ አደረጓቸው። በዓመቱ ክርስቲያን ኮአሊሽን የተባለውን የፖለቲካ ድርጅት መሠረቱ። ስለዚህ በ2005 የተናገሩት ሰው ተራ ሰባኪ አልነበሩም፤ በሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ድምፅ ፍለጋ ደጃቸውን የሚያንኳኳ ሰው ነበሩ።

በሌላኛው ወገን ደግሞ ቻቬዝ አሉ። በኤፕሪል 2002 በመፈንቅለ መንግሥት ተነሥተው ሁለት ቀን ያህል ብቻ ቆይተው ተመልሰዋል፤ ዋሽንግተን ያን ድርጊት ለማውገዝ ዳተኛ መሆኗን አልረሱም። ከዚያ ወዲህ «አሜሪካኖች ሊገድሉኝ ነው» ሲሉ ኖረዋል፣ የሚሰማቸው ግን ብዙ አልነበረም። እንግዲህ ለዓመታት «ማስረጃህ የታል?» ሲባል የኖረ ሰው፣ አንድ ሰኞ ማስረጃው በቴሌቪዥን ታትሞ ቤቱ ድረስ መጣለት። ከዚህ የበለጠ ስጦታ ተቃዋሚ ለተቃዋሚው ሰጥቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሮበርትሰን ንግግር ከግብረ ገብነቱ በፊት እንደ ፖለቲካ ስልትም ከሽፏል፤ ሊያዳክሙት የፈለጉትን ሰው አጠናከሩት።

ወደ ማክሰኞ እንለፍ። ሚዲያ ማተርስ የተባለው፣ መገናኛ ብዙኃንን የሚከታተል ድርጅት ቅጂውን ከነጽሑፉ አወጣው፤ የዜና ወኪሎች ተቀባበሉት፤ ጋዜጠኞች ባለሥልጣናቱን መጠየቅ ጀመሩ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ መሥሪያ ቤታቸው እንዲህ ዓይነት ሥራ እንደማይሠራ፣ ነገሩም ሕግ የሚከለክለው እንደሆነ ተናገሩ፤ ቀጥለው ግን ግለሰቦች ሁልጊዜ ብዙ ነገር ይላሉ ብለው አለፉት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ቃል አቀባይ ሾን ማኮርማክ ንግግሩ ተገቢ እንዳልሆነ፣ የመንግሥትም ፖሊሲ እንዳልሆነ ገለጹ።

እነዚህን ሁለት መልሶች አስተያዩአቸው። «ተገቢ አይደለም» በዲፕሎማሲ መለኪያ ለስላሳ ቃል ነው፤ በግብዣ ላይ ጫማ ማውለቅም ተገቢ አይደለም። የቬኔዝዌላ ዋና ከተማ ካራካስ የጠበቀችው «እናወግዛለን» የሚለውን ነበር። የቬኔዝዌላው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆሴ ቪሴንቴ ራንሄል ኳሱ አሜሪካ ሜዳ ላይ ነው አሉ፤ ሽብርን እዋጋለሁ የሚል አገር እምብርት ላይ እንዲህ ያለ የሽብር ቃል ሲነገር ዝም ማለት ግብዝነት ነው የሚልም ጨመሩ። በዋሽንግተን የነበሩት አምባሳደር በርናርዶ አልቫሬስ ደግሞ ከቁጣ ይልቅ ጥያቄ ይዘው ቀረቡ። ቻቬዝ በሴፕቴምበር ለተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ኒው ዮርክ ሲመጡ የደኅንነታቸው ዋስትና ይሰጠን አሉ። ይህ ዛቢያ ያለው ጥያቄ ነው። የጉባኤው አስተናጋጅ አገር የእንግዶችን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ አምባሳደሩ ስሜትን ወደ ግዴታ ለወጡት። ከኩባ ጉብኝታቸው እየተሰናበቱ የነበሩት ቻቬዝ ራሳቸውማ ሰውየውን እንደማያውቋቸው ብቻ ነበር የተናገሩት። ቁጣውን ለሌሎች ተዉላቸው። በሴፕቴምበር 15 ግን በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ላይ የሮበርትሰንን ስም ጠርተው፣ ግድያዬን በአደባባይ የጠየቀ ሰው በነፃነት ይንቀሳቀሳል ብለው ለዓለም ተናገሩ። ሦስት ሳምንት አስቀምጠው፣ ብዙ ጆሮ ባለበት ቦታ አወጡት።

ራምስፌልድ የጠቀሱት ሕግ የትኛው ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1975 የሴናተር ፍራንክ ቸርች ኮሚቴ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በውጭ መሪዎች ላይ የጠነሰሳቸውን የግድያ ሴራዎች መረመረ፤ የኮንጎው ፓትሪስ ሉሙምባና የኩባው ፊደል ካስትሮ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ምርመራውን ተከትሎ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በፌብሩዋሪ 1976 ቁጥር 11905 የተባለውን ትእዛዝ አወጡ። ዛሬ የሚሠራበት የፕሬዚዳንት ሬገን ትእዛዝ ቁጥር 12333 ነው፣ የ1981። ክፍል 2.11 ማንም የአሜሪካ መንግሥት ተቀጣሪ ወይም በመንግሥቱ ስም የሚሠራ ሰው ግድያ እንዳይፈጽም፣ ለመፈጸምም እንዳያሴር ይከለክላል። ማንን እንደሚከለክል ልብ በሉ፤ የመንግሥትን ሰው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ «ይገደል» የሚልን የግል ሰባኪ አይነካም። እንግዲህ «ሕግ ጥሷልና ይከሰስ» ብለው የጻፉ ሰዎች የጠቀሱት ትእዛዝ ለሌላ ሰው የተጻፈ ነበር።

ታዲያ የንግግር ሕጉስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት በኦሃዮ ግዛት በነበረው መሪ ጉዳይ ላይ መለኪያ አስቀምጧል። ንግግር በወንጀል የሚያስጠይቀው ተናጋሪው ሕገ ወጥ ድርጊት ለማነሣሣት ሲያስብ፣ ድርጊቱ እዚያው ወዲያው እንዲፈጸም ሲቀሰቅስና የመፈጸም ዕድሉም እውነተኛ ሲሆን ነው። ሦስቱ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። የሮበርትሰን ንግግር በሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ መንግሥታቸውን መከሩ እንጂ ደጅ የቆመ ሰው አላዘዙም። ስለዚህ ክስ አልመጣም፣ ሊመጣም አይችልም ነበር። በእኛ አገር መለኪያው ሌላ ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን እንዲህ ላለ ንግግር ቀጥተኛ መልስ የለውም፤ አዋጁ የጥላቻ ንግግርን የሚተረጉመው ከብሔር፣ ከሃይማኖት፣ ከዘር፣ ከጾታና ከአካል ጉዳተኝነት ጋር አያይዞ ነው። አንድን የውጭ መሪ ይገደል ማለት በዚያ ሚዛን ላይ አይቀመጥም፣ ወደ ወንጀል ሕጉ መሄድ ያስፈልጋል። አቤቱታ ጸሐፊዎች በተሳሳተ አንቀጽ ሲጀምሩ ፋይላቸው የሚዘጋው በዚህ ዓይነቱ ምክንያት ነው።

ከሕጉ ይልቅ ብዙ ትምህርት ያለው ጣቢያው ዘንድ ነው። ሕዝቡ ሁለት ቦታ ነበር የጮኸው፤ አንዱ ማሰራጫዎችን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙን የሚያስተላልፈው የኬብል ቻናል ኤቢሲ ፋሚሊ። ኮሚሽኑ ፈቃድ የሚሰጠው በአየር ሞገድ ለሚያስተላልፉ የአካባቢ ጣቢያዎች እንጂ ለኬብል ቻናሎች አይደለም። ቀድሞ ጣቢያዎች ተቃራኒ አስተያየት እንዲያስተናግዱ ያስገድድ የነበረው «የሚዛናዊነት መርሕ» የሚባለውም በ1987 ቀርቷል። ስለዚህ ወደዚያ የተላከው ደብዳቤ የሚያርፍበት ጠረጴዛ አልነበረውም።

ኤቢሲ ፋሚሊ ደግሞ የዲዝኒ ንብረት ነበር። ሚኪ ማውስን ለልጆች የሚያሳይ ኩባንያ መሪ ይገደል የሚል ፕሮግራም እንዴት ያስተላልፋል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የኩባንያው መልስ ሁለት ክፍል ነበረው፤ አስተያየቱን አጥብቀን እንቃወማለን፣ ነገር ግን ፕሮግራሙን ለማስተላለፍ በውል የታሰርን ነን፣ በይዘቱም ላይ ሥልጣን የለንም። ማምለጫ ይመስላል፣ ግን እውነት ነበር። ቻናሉ መጀመሪያ የሮበርትሰን ነው። በ1997 ለመገናኛ ብዙኃን ባለሀብቱ ለሩፐርት መርዶክ ኩባንያ በ1.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሸጡት፣ «700 ክለብ» በቻናሉ ላይ መተላለፉን ይቀጥላል የሚል ግዴታ በውሉ ውስጥ አስገቡ። በ2001 ዲዝኒ ቻናሉን ሲገዛ ግዴታውንም አብሮ ገዛው። ቤት ሲሸጥ ጓሮ ያለችው ጎጆ የሻጩ ሆና ትቀጥላለች ብሎ እንደመፈረም ያለ ነው፤ ገዥ ቢለዋወጥም ጎጆዋ አትነካም። የሕግ ሰው የሆኑት ሰባኪ ስለ «ግድያ መርሕ» አላውቅም ቢሉም፣ ስለ ውል ግን አሳምረው ያውቁ ነበር።

የማስታወቂያ ማዕቀብስ? አሁን ያንን 700 በ10 ዶላር አስታውሱ። ፕሮግራሙ በዋናነት የሚኖረው በተመልካቾቹ መዋጮ ነው። ሳሙና ሻጭ አስደንግጦ ገቢውን ማቋረጥ አይቻልም። እንዲያውም ከውጭ የሚመጣ ውግዘት ለጋሾችን ሊያሰባስብ ይችላል፤ «መሪያችን ተሰደደ» የሚል ስሜት ኪስ ይከፍታል። ማዕቀብ ከማወጅ በፊት የገቢውን ምንጭ ማየት ግድ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ረቡዕ ደረሰ። ያን ዕለት ሁለት ሮበርትሰኖች ታይተዋል። ጠዋት በፕሮግራማቸው ላይ ቀርበው «ግድያ» አላልኩም፣ ልዩ ኃይላችን «ያስወግደው» ነው ያልኩት፣ ማስወገድ ደግሞ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ጠልፎ መውሰድንም ጨምሮ አሉ። የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ በተሳሳተ መንገድ ተርጉሞብኛል የሚልም አከሉ። ያ ሁለት በር ያለው ቃል ማለት ይህ ነው። ችግሩ ግን ሰኞ የተናገሩት ቅጂ በሁሉም ጣቢያ እየታየ ነበር፤ አድማጩ ክህደቱንና ቅጂውን ጎን ለጎን አየ። ይልቅ የሚገርመው ከግድያ ለመሸሽ ጠለፋን መጠጊያ ማድረጋቸው ነው፤ የአንድን አገር ፕሬዚዳንት መጥለፍ ያነሰ ጥፋት ነው ብለው ያሰቡ ይመስላል። ክህደቱ ከመጀመሪያው ንግግር ያልተናነሰ ጎዳቸው፤ አስቀድሞ ጉዳዩ የአስተያየት ጉዳይ ነበር፣ አሁን የእውነትና የሐሰት ጉዳይ ሆነ።

በዚያው ቀን በኋላ የጽሑፍ መግለጫ ወጣ። ለግድያ ጥሪ ማቅረብ ትክክል ነው ወይ? አይደለም፣ ለዚያ ንግግሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ የተናገርኩት በብስጭት ነው ይላል። እስከዚህ ድረስ ያለው ክፍል በደንብ የተሠራ ነው፤ ቃሉን በስሙ ጠርቷል፣ ተሳስቻለሁ ብሏል። ከዚያ በኋላ ግን መግለጫው አላቆመም። ስለ ቻቬዝ ክፋት ቀጠለ፤ ሂትለርን ለመግደል ከተዶለተው ሴራ ጋር የተያያዘውን ጀርመናዊ ቄስ ዲትሪሽ ቦንሆፈርን አነሣ። እዚህ ላይ ይቅርታው ራሱን በላ። አጥፍቻለሁ ባሉበት ወረቀት ላይ ድርጊቱ የቅዱሳን ሥራ ሊሆን እንደሚችል ምሳሌ መጥቀስ፣ በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው መውሰድ ነው። እንዲህ ያለ መግለጫ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች አንድ ነገር ያዙ፤ ይቅርታው ካለቀበት አረፍተ ነገር በኋላ የሚጻፍ እያንዳንዱ ቃል ይቅርታውን ይቀንሰዋል። ማብራሪያ ካስፈለገ ሌላ ቀን፣ በሌላ ወረቀት። ደግሞም ይቅርታው ለማን ነው? የሮበርትሰን መግለጫ ለሕዝብ የወጣ ነበር፤ የቬኔዝዌላን ሕዝብ «በደልኳችሁ» አላለም።

አብያተ ክርስቲያናት ምን አሉ? የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ብሔራዊ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ቦብ ኤድጋር በግልጽ አወገዙ። ከወንጌላውያኑ ወገን በብዛት የተሰማው ደግሞ «እሳቸው የሚናገሩት ስለ እኛ አይደለም» የሚል ነበር። የሲቪል መብት ታጋዩ ቄስ ጄሲ ጃክሰን በወሩ መጨረሻ ካራካስ ድረስ ሄደው ንግግሩን ኮነኑ። ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪ ቦታ ላይ የወደቁት ግን ቬኔዝዌላ ውስጥ ያሉት ወንጌላውያን ናቸው። ንግግሩን ያወገዙት ለሥነ ሥርዓት ሳይሆን ለኑሯቸው ነው። ጎረቤታቸው «የእናንተ ሰው መሪያችንን ሊያስገድል ነው» ይላቸዋል። በቀናት ውስጥ የቬኔዝዌላ መንግሥት ለውጭ ሚስዮናውያን አዲስ ፈቃድ መስጠቱን ለጊዜው አቆመ። በኦክቶበር 12 ደግሞ ቻቬዝ ከጥንት ነዋሪ ሕዝቦች መካከል ይሠራ የነበረውን የአሜሪካ ሚስዮን፣ ኒው ትራይብስን፣ ከአገር እንዲወጣ አዘዙ፤ ይህኛው የራሱ የቆየ ታሪክ ያለው ክስ ስለነበረ የሮበርትሰን ንግግር ውጤት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ነገር ግን አየሩ በማን እንደተበከለ መካድም አይቻልም። ቨርጂኒያ የተነገረውን ቃል ሒሳብ የከፈለው ቬኔዝዌላ ውስጥ በኦሪኖኮ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ነው። ለዚህ ነው የአንድ እምነት አባላት ማውገዝ ሲኖርባቸው ፈጥነው ማውገዝ ያለባቸው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የተባለ ቃል መከላከያ ይሆናል፣ በሳምንቱ የተባለው ማስተባበያ ይሆናል።

አሁን ዛቢያ የተገኘበትን እንይ። አራት ወር ተኩል አለፈ። ጃኑዋሪ 4 ቀን 2006 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር አሪኤል ሻሮን ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ ገጠማቸው። በማግስቱ ሮበርትሰን ትንቢተ ኢዩኤልን ጠቅሰው ሻሮን የእግዚአብሔርን ምድር ይከፋፍሉ ነበር፣ እንዲህ ለሚያደርግ ሁሉ ወዮለት የሚል ንግግር አደረጉ። የጋዛን ሰፈራዎች ማስለቀቃቸውን ነው። ኋይት ሀውስ በዚህ ጊዜ ጠንከር ያለ ቃል ተጠቀመ፤ ይሁንና ሥራውን የሠራው ኋይት ሀውስ አልነበረም።

ሮበርትሰን ከሌሎች ወንጌላውያን ጋር በገሊላ ባሕር አጠገብ ትልቅ የክርስቲያን ቅርስ ማዕከል ሊሠሩ ከእስራኤል መንግሥት ጋር እየተደራደሩ ነበር፤ ወጪው 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፣ መሬቱን መንግሥት ይሰጣል። የቱሪዝም ሚኒስቴሩ ከእሳቸው ጋር አልፈርምም አለ። ከፕሮጀክቱ አልወጣሁም፣ ከሌሎቹ ወንጌላውያን ጋር እሠራለሁ፣ ከሮበርትሰን ጋር ግን አይሆንም። በሳምንት ውስጥ ለሻሮን ልጅ ለኦምሪ የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ ተላከ። ተቀባይ ያለው፣ ስም የተጻፈበት ይቅርታ። ቬኔዝዌላ በዓለም ፊት ጮኻ ያላገኘችውን፣ አንድ ሚኒስቴር ብዕሩን ከወረቀቱ በማንሣት ብቻ አገኘ። አፈጻጸሙንም ተመልከቱት፤ ቅጣቱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ አረፈ፣ የቀሩት ክርስቲያኖች በሩ አልተዘጋባቸውም። በቬኔዝዌላ ፈቃድ ሲቆም ግን የተነካው የማያውቅ የማይሰማ ሚስዮናዊ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ የሃይማኖት ማሰራጫዎች ማኅበር ለቦርዱ ባደረገው ምርጫ ሮበርትሰን ሳይመረጡ ቀሩ። ይህም ጩኸት ያልነበረበት፣ ድምፅ መስጫ ወረቀት ብቻ የነበረበት ቦታ ነው።

ሌላ ዓይነት መልስም አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጃኑዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈራረሰች። በማግስቱ ሮበርትሰን ሄይቲዎች ከፈረንሳይ ነፃ ለመውጣት ከሰይጣን ጋር ቃል ኪዳን ገብተዋል፣ እርግማኑ ከዚያ ነው አሉ። የፈረንሳዩን ገዥ ሲጠሩም «ናፖሊዮን ሦስተኛው» አሉ። ሄይቲ ነፃነቷን ያወጀችው ጃኑዋሪ 1 ቀን 1804 ነው፤ ናፖሊዮን ሦስተኛው የተወለደው በ1808። ያልተወለደ ሰው ነበር እንግዲህ የጨቆናቸው! ሰው ሁሉ በሰይጣኑ ሲቆጣ ይህችን ያስተዋላት ጥቂት ነው፤ የተናጋሪውን ሥልጣን ለማፍረስ ግን ከስድብ ሁሉ ይህች ትበልጥ ነበር።

በዋሽንግተን የሄይቲ አምባሳደር የነበሩት ሬይሞንድ ጆሴፍ በቴሌቪዥን ሲጠየቁ አልተሳደቡም። ታሪክ ተናገሩ። ባሮቹ ፈረንሳይን ስላሸነፉ ነው ናፖሊዮን በ1803 ሰፊውን የሉዊዚያና ግዛት ለአሜሪካ በ15 ሚሊዮን ዶላር የሸጠላት፤ ሲሞን ቦሊቫር ደቡብ አሜሪካን ነፃ ለማውጣት ሲነሣ መርከብና ሰው ያገኘው ከሄይቲ ነው። ስለዚህ ያ ቃል ኪዳን የተባለው ነገር ለአሜሪካም ጠቅሟል ማለታቸው ነበር። ጆሴፍ በወጣትነታቸው ሐዲስ ኪዳንን ወደ ሄይቲ ክሪዮል የተረጎሙ ሰው ናቸው። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚን በሰይጣን ማስፈራራት አስቸጋሪ ነው። ቦሊቫር ደግሞ የማን ጀግና ነው? የቻቬዝ። ሮበርትሰን በአምስት ዓመት ልዩነት የአንድን ታሪክ ሁለት ጫፍ መትተዋል።

ወደ እለት ሥራችን ስንመለስ፣ የሚያስቆጣ ቅንጭብ በቴሌግራም ሲመጣላችሁ የመጀመሪያው ሥራ ሙሉውን ፕሮግራም ማግኘት ነው፤ ቢያንስ ከቅንጭቡ በፊትና በኋላ ያለውን ሦስት ሦስት ደቂቃ። ቀጥሎ ቃል በቃል በተነገረበት ቋንቋ ይጻፍ፣ ትርጉሙ ከሥሩ ይሁን፤ ሁለት ሰው ለየብቻ ተርጉሞ ቢያስተያየው ደግሞ «ማስወገድ»ን የመሰሉ ቃላት ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ቻቬዝ ያረፉት ማርች 5 ቀን 2013 ነው፤ በእኛ የካቲት 26 ቀን 2005። ንግግሩ ላይ «2005» ብሎ ብቻ የጻፈ አማርኛ ገጽ፣ ሰባኪው ግደሉት ባሉበት ዓመት ሰውየው ሞተ የሚል ሴራ ሳያስበው ይፈጥራል። በመካከሉ ስምንት ዓመት ገደማ አለ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ይህን ሰው በምን ውል፣ በማን ፈቃድ፣ በማን ገንዘብ፣ በየትኛው ወንበር ላይ እናገኘዋለን የሚለው ነው። ለአቤቱታችሁ አድራሻ የሚሆነው እሱ ነው። ስለ ዕድሜው፣ ስለ መልኩ፣ ስለ አነጋገሩ የሚጻፈው ሁሉ ለተናጋሪው ወገን ስንቅ ነው፤ ስለ እምነቱ በጅምላ የሚጻፈውማ ከሁሉ ይብሳል።

ሮበርትሰን ከ«700 ክለብ» አቅራቢነት የወረዱት በኦክቶበር 2021 በ91 ዓመታቸው ነው፤ በጁን 2023 በ93 ዓመታቸው አረፉ። ያ ቻናል በመርዶክ ጊዜ ፎክስ ፋሚሊ፣ በዲዝኒ ጊዜ ኤቢሲ ፋሚሊ ተብሎ ነበር፤ በ2016 ፍሪፎርም ተባለ፣ ለወጣቶች የሚሆኑ ድራማዎችም ሞሉበት። በድራማዎቹ መካከል «700 ክለብ» በሰዓቱ መተላለፉን ቀጠለ፤ የ1997ቱ ውል ያስገድዳልና።